እንደ በቅሎ ገዢ የኮርሳ ገዢም ጥርስ ይቁጠር

በጎጃም ገበያ በቅሎ የሚገዛ ሰው የሻጩን ወሬ ብቻ ሰምቶ ገንዘቡን አይፈታም። ከንፈሯን ገልጦ ጥርሷን ያያል፤ ዕድሜዋን፣ ጉልበቷንና የቀራትን የሥራ ዘመን ከዚያ ያነባል። ኮርሳ ብስክሌት የሚገዛው ሰው ግን በአብዛኛው ይህን ጥንቃቄ አያደርግም። ቀለሙን ያያል፣ በቴላዮው ላይ የተጻፈውን የፋብሪካ ስም ያነባል፣ “ስንት ማርሽ ነው?” ብሎ ይጠይቃል፣ ከዚያም ዋጋ ይከራከራል። ከፊትና ከኋላ ያሉት ጥርሶች ስንት ስንት እንደሆኑ የሚቆጥር ጥቂት ነው። በደብረ ወርቅ፣ በቢቸናም ሆነ በደብረ ማርቆስ ምድር ብስክሌቱን ሥራ ላይ የሚያውለው ወይም ግድግዳ ላይ የሚያሰቅለው ግን ይኸው ቁጥር ነው።

ጉዳዩ የስፖርት ወዳዱ ብቻ አይደለም። ዕቃውን የሚያስመጣው፣ የሚያከፋፍለውና መለዋወጫ የሚይዘው ነጋዴም ለሜዳ ምድር የተሠራ ኮርሳ ለደጋ ገበያ ካዘዘ ገንዘቡ መደርደሪያ ላይ ይታሰራል። የውጭ ምንዛሪ በተወደደበት ዘመን ደግሞ የታሰረ ገንዘብ እንደ ድሮው በቀላሉ አይፈታም።

ስህተት የተወደደበት ዘመን

መንግሥት ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከማድረጉ በፊት የባንክ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር። በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ያለፈ ሲሆን ወደ ቀድሞው አልተመለሰም። ለስሌት ያህል በውጭ ገበያ 600 ዶላር የሚያወጣ መካከለኛ ኮርሳ ቢወሰድ፣ በ57 ብር ሒሳብ 34,200 ብር ነበር። ዶላሩ በ140 ብር ተይዞ ሲሰላ ያው ብስክሌት 84,000 ብር ይሆናል። ይህ እንግዲህ ማጓጓዣው፣ ቀረጡ፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክሱና የነጋዴው ትርፍ ሳይታከልበት ነው።

ቀደም ሲል ያልሆነ ማርሽ ያለው ብስክሌት የገዛ ሰው “ኋላ እለውጠዋለሁ” ሊል ይችል ነበር። ዛሬ የፊት ጥርሱን ከነፔዳል ክንዱ፣ የኋላ ካሴቱን፣ ማርሽ መቀየሪያውንና ሰንሰለቱን አንድ ላይ መለወጥ ለአንዳንዱ ብስክሌት ከዋጋው ሩብ የማያንስ ወጪ ሊሆን ይችላል። ሁሉም ዕቃ በዶላር የሚገባ ነውና። በመሆኑም ትክክለኛውን ማርሽ ገና ሲገዙ መምረጥ ከሁሉም የረከሰው መንገድ ነው።

የተወዳዳሪ ብስክሌት ለማን?

ኮርሳ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። አገሪቱ በኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳተፈችበት በ1949 ዓ.ም. የሜልቦርን ውድድር ላይ ከአትሌቶቹ ጋር ብስክሌተኞችም ተሰልፈዋል። የመቀሌው ተወላጅ ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. ክረምት በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። በ2016 ዓ.ም. ክረምት ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በዚያው ውድድር ሦስት ምዕራፎችን አሸንፎ አረንጓዴውን ማሊያ ወስዷል። በመስከረም 2018 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም የመንገድ ብስክሌት ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ ምድር፣ በኪጋሊ ተካሂዷል። በዚያ የወንዶቹ ዋና ውድድር 267.5 ኪሎ ሜትር ርዝመትና በድምሩ 5,475 ሜትር ሽቅብ ነበረው።

ይህ ሁሉ የኮርሳን ስም ከፍ አድርጎታል። ችግሩ የሚመጣው ግን ተመልካቹ ሻምፒዮኑ የነዳውን ዓይነት ማርሽ ሲመኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ለውድድር የተሠሩ ኮርሳዎች በአብዛኛው ከፊት 53 እና 39 (አንዳንዴም 42) ጥርስ፣ ከኋላ ደግሞ በትልቁ 23 ወይም 25 ጥርስ ነበራቸው። ከአውሮፓ ተሠርቶባቸው የሚመጡ፣ ዘመድ በሻንጣ የሚልካቸው ወይም በርካሽ ተገኙ ተብለው የሚገዙ አሮጌ ኮርሳዎች ብዙዎቹ የዚህ ወገን ናቸው። ቴላዮአቸው ጠንካራ፣ መልካቸውም ያማረ ሊሆን ይችላል። ማርሻቸው የታሰበው ግን አንድ ሰዓት ሙሉ 300 ዋትና ከዚያ በላይ ኃይል ማውጣት ለሚችል እግር ነው። ጤነኛ ሆኖ አዘውትሮ የሚጋልብ ሰው ለረዥም ሰዓት ሊያወጣ የሚችለው ከዚያ ግማሽ ያህል፣ 150 ዋት ገደማ ነው።

ባለሙያዎቹ ራሳቸው እንኳ ዛሬ ከዚያ ልማድ ርቀዋል። የጃፓኑ ሺማኖ ፋብሪካ ለከፍተኛ ውድድር የሚያቀርበው ዱራ ኤስ የተባለው ደረጃ በአሁኑ ትውልዱ የሚመጣው እስከ 34 ጥርስ በሚደርሱ ካሴቶች ነው። ሻምፒዮኑ 34 ጥርስ የሚያስፈልገው ከሆነ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛው በ25 ጥርስ ዳገት መውጣት አለበት የሚል ክርክር አይቆምም።

ዓባይ በረሃ የሚያወጣው ሒሳብ

ደብረ ወርቅ በምሥራቅ ጎጃም ዞን የእናርጅ እናውጋ ወረዳ ከተማ ናት። ምድሩ ከሩቅ ሜዳ ይመስላል፤ የጤፉ ማሳ ዓይን እስኪያዝ ይዘረጋል። ነገር ግን ከጮቄ ተራራ የሚወርዱት ወንዞች ሜዳውን ቆራርጠው ነው ወደ ዓባይ የሚሄዱት። ስለዚህ ጋላቢው ሜዳውን ሲጨርስ ቁልቁለት፣ ቁልቁለቱን ሲጨርስ ዳገት ይገጥመዋል። ከደብረ ወርቅ በቢቸና በኩል ደጀን ወርዶ ወደ አዲስ አበባ ለሚያመራ ደግሞ ትልቁ ፈተና ዓባይ በረሃ ነው።

በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከአንዱ ከተማ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ተወርዶ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የተመረቀው የሕዳሴ ድልድይ ይደረሳል፤ ከዚያ በኋላ ያንኑ ያህል ሽቅብ ነው። የከፍታው ልዩነት በግምት 1,400 ሜትር ስለሆነ የዳገቱ አማካይ 7 በመቶ ይሆናል። በመቶ ሜትር ጉዞ ሰባት ሜትር መውጣት ማለት ነው። የኪጋሊ ተወዳዳሪዎች በአንድ ቀን የወጡት ከዚህ ዳገት አራት እጥፍ ያህል ነበር። ለኛ አገር ገዢ ግን አንዱም ይበቃል።

እንግዲህ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው፣ ብስክሌቱ፣ ውኃውና ጥቂት ዕቃው ተደምረው 82 ኪሎ ሆነው ሒሳቡ ይሠራ። በ7 በመቶ ዳገት ላይ 150 ዋት የሚያወጣ ጋላቢ በሰዓት 8.5 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ሃያውን ኪሎ ሜትር ለመጨረስ ሳያርፍ 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። ፍጥነቱን የሚወስነው የእግሩ ኃይልና ክብደቱ ነው፤ ማርሹ የሚወስነው በዚያ ፍጥነት ፔዳሉ በደቂቃ ስንት ዙር እንደሚዞር ነው። እግር ከ70 እስከ 90 ዙር ሲያገኝ ይመቸዋል። ከ50 በታች ሲወርድ ግን እያንዳንዱ ዙር ጉልበት ላይ የሚያርፍ ከባድ ግፊት ይሆናል።

28 ሚሊ ሜትር ጎማ የለበሰ የኮርሳ ቸርኬ አንድ ጊዜ ሲዞር 2.13 ሜትር ገደማ ይሄዳል። የፊቱ ጥርስ ለኋላው ተካፍሎ በዚህ ቁጥር ሲባዛ አንድ የፔዳል ዙር ብስክሌቱን ስንት ሜትር እንደሚያስኬድ ይታወቃል። ከፊት 39፣ ከኋላ 25 ጥርስ ያለው አሮጌ ኮርሳ በአንድ ዙር 3.32 ሜትር ይሄዳል። ያ ጋላቢ በዚህ ማርሽ ዓባይን ሲወጣ ፔዳሉ በደቂቃ 43 ጊዜ ብቻ ይዞራል። ከፊት 34፣ ከኋላ 28 ሲሆን 55 ዙር ይደርሳል። ከፊት 34፣ ከኋላ 32 ሲሆን 63፣ ሁለቱም 34 ሲሆኑ 67 ገደማ ነው። ከፊት 30፣ ከኋላ 34 የሆነ ብስክሌት ቢገኝ ደግሞ 75 ዙር ያስገኛል።

በ43 ዙርና በ67 ዙር መካከል ያለው ልዩነት ዳገቱን ጋልቦ በመውጣትና ብስክሌቱን እየገፉ በመውጣት መካከል ያለው ልዩነት ነው። መንገዱ 10 በመቶ በሚደርስባቸው ቁርጥራጮች ላይ ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 6 ኪሎ ሜትር ይወርዳል። በዚያ ላይ 34 ለ34 እንኳ 50 ዙር አይሞላም፤ 39 ለ25 ደግሞ ወደ 30 ዙር ይወርዳል። በዚህ ሁኔታ ሚዛን ጠብቆ መሄድም ያስቸግራል።

ሌላም ነገር አለ። ከ2,400 ሜትር በላይ ባለ ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ሳንባ የሚያገኘው ኦክስጅን ያንሳል፤ በሜዳ አገር 150 ዋት የሚያወጣ እንግዳ እዚህ ያን ማውጣት ያቅተዋል። ስስ አየር በበኩሉ በሜዳው ላይ ጋላቢውን የሚይዘው ያነሰ ስለሆነ በዚያው ኃይል በፍጥነት ያስኬዳል። ይህን የሰማ ሰው “እንግዲያው ትልቁ ማርሽ ይሻላል” ሊል ይችላል። ነገር ግን ከፊት 50፣ ከኋላ 11 ጥርስ ያለው ብስክሌት በደቂቃ 90 ዙር ሲረገጥ በሰዓት 52 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ከዚያ በላይ ፍጥነት የሚገኘው በቁልቁለት ነው፤ በቁልቁለት ደግሞ ፔዳል አይረገጥም። ስለዚህ ከ50 ወደ 53 ጥርስ መውጣት ለአብዛኛው ገዢ የሚጨምረው ጥቅም የለም።

“ባለ 21” ሲባል

በገበያው የተለመደው ማስታወቂያ የማርሽ ብዛት ነው። “ባለ 21 ነው”፣ “ባለ 24 ነው” ይባላል። ቁጥሩ የሚገኘው የፊቱ ጥርሶች ብዛት በኋላው ሲባዛ ነው፤ 3 ለ7 ሲባዛ 21፣ 2 ለ8 ሲባዛ 16 ይሆናል። ይህ ብዛት ስለ ዳገት የሚናገረው ነገር የለም። ብዙዎቹ ማርሾች እርስ በርስ የሚደራረቡ ሲሆኑ ዋናው ቁም ነገር በጣም ቀላሉና በጣም ከባዱ ማርሽ የት ላይ ነው የሚለው ነው። 50 እና 34 ከፊት፣ ከ11 እስከ 32 ከኋላ የያዘ ባለ 16 ኮርሳ 53 እና 39 ከፊት፣ ከ11 እስከ 25 ከኋላ ከያዘ ባለ 20 ኮርሳ ይልቅ ለጎጃም ሰው ይጠቅማል።

የማርሽ ብዛት የሚለውጠው በአንዱና በሚቀጥለው መካከል ያለውን ርቀት ነው። የተለመደው የሺማኖ ባለ 8 ካሴት ጥርሶች 11፣ 13፣ 15፣ 18፣ 21፣ 24፣ 28 እና 32 ናቸው። ከ28 ወደ 32 ሲዘለል ልዩነቱ 14 በመቶ ነው። በባለ 11ዱ ካሴት ላይ ከ23 ወደ 25 ሲኬድ ልዩነቱ 9 በመቶ አይሞላም። በቡድን ተጠጋግተው ለሚወዳደሩ ይህ ልስላሴ ዋጋ አለው። ብቻውን ከደብረ ወርቅ ቢቸና ደርሶ ለሚመለስ ግን ተጨማሪው ገንዘብ የሚያዋጣ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ መታወቅ አለበት። አንዳንዱ ገዢ ብስክሌቱን እንዳለ ይገዛና “ትልቅ ካሴት ብቻ አስገባበታለሁ” ይላል። የኋላው ማርሽ መቀየሪያ ግን የሚሸከመው ልክ አለው። ልኩ የሚሰላው የፊቶቹ ጥርሶች ልዩነት ከኋላዎቹ ልዩነት ጋር ተደምሮ ነው። 50 እና 34 ከፊት ሲሆኑ ልዩነቱ 16 ነው፤ ከ11 እስከ 34 ደግሞ 23፤ ድምሩ 39። በባለ 11ዱ የሺማኖ 105 (አር 7000) ደረጃ አጭር ክንድ ያለው መቀየሪያ የሚሸከመው ድምር 35፣ ትልቁ ጥርስም 30 ሲሆን፣ ረዥም ክንድ ያለው 39ን እና 34 ጥርስን ይሸከማል። ሁለቱ ከሩቅ ሲታዩ መንትያ ናቸው። አጭሩን የገዛ ሰው 34 ጥርስ ሊያስገባ ሲሞክር ወይ ሰንሰለቱ ይላላል፣ ወይ መቀየሪያው ከጥርሱ ጋር ይጋጫል።

ስም፣ ደረጃና ጥገና

ሺማኖ እ.ኤ.አ. በ1921 የተቋቋመ ሲሆን በገበያው ሰፊውን ስፍራ ይዟል። ኮርሳዎቹን በደረጃ ከታች ወደ ላይ ክላሪስ፣ ሶራ፣ ቲያግራ፣ 105፣ አልቴግራና ዱራ ኤስ ይላቸዋል። ክላሪስ ከኋላ 8፣ ሶራ 9፣ ቲያግራ 10 ጥርሶችን ይዘው የቆዩ ደረጃዎች ናቸው። የአሜሪካው ስራምና የጣሊያኑ ካምፓኞሎም የየራሳቸው መሰላል አላቸው። ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር ዕቃው ይቀላል፣ ይለሰልሳል፣ ይወደዳል። ዳገት መውጣት ግን የጥርስ ቁጥር እንጂ የደረጃ ጉዳይ አይደለም፤ የክላሪስ 34 ለ32 እና የአልቴግራ 34 ለ32 ዓባይን የሚያስወጡት በአንድ ዓይነት ዙር ነው።

ለክፍለ ሀገር ገዢ ሌላም መታየት ያለበት ነገር አለ። የአልቴግራና የዱራ ኤስ የአሁኑ ትውልድ በኤሌክትሪክ ብቻ የሚሠራ ሆኗል። ማርሹን የሚቀይረው ሞተር ነው፤ ባትሪውም ይሞላል። ከተሞላ በኋላ ረዥም መንገድ ስለሚያስኬድ መብራት በየቀኑ አያስፈልገው ይሆናል። ሞተሩ ወይም ባትሪው በተበላሸ ጊዜ ግን መፍትሔው አዲስ ዕቃ መግዛት ነው። በገመድ የሚሠራ ማርሽ ሲበላሽ አብዛኛውን ጊዜ የሚበጠሰው ገመዱ ሲሆን፣ ገመድ ደግሞ የትም ቦታ ያለ ብልህ ጠጋኝ የሚያስተካክለው ነገር ነው።

በዚሁ መንገድ ፔዳሉ የሚዞርበት ኩሽኔታ በጥርስ (በፍሌት) የሚጠበቅ እንጂ በመዶሻና በፕሬስ ተገፍቶ የሚገባ ባይሆን ይመረጣል። ቸርኬውም 20 ሽቦ ካለው ያማረ ቸርኬ ይልቅ 32 ሽቦ ያለው ይሻላል። አንድ ሽቦ ቢበጠስ ባለ 32ቱ ቤት ያደርሳል፤ ባለ 20ው ግን ወዲያው ተጣሞ ፍሬኑንና ቴላዮውን ይነካል። ቴላዮው 32 ሚሊ ሜትር ጎማ የሚያስገባ ክፍተት ቢኖረው ደግሞ ለጠጠሩ መንገድም፣ ለፓራፋንጎም ስፍራ ይገኛል።

ዕቃ የሚበላው ዋልካ

ብስክሌት ሲገዛ የሚከፈለው ዋጋ የመጀመሪያው ክፍያ ብቻ ነው። ሰንሰለት፣ ካሴት፣ የፍሬን ጫማና ጎማ እያለቁ የሚተኩ ዕቃዎች ናቸው። በጎጃም የክረምቱ ዋልካ ጭቃ ሰንሰለት ላይ ተለጥፎ ሲደርቅ ከዘይቱ ጋር ተዋሕዶ እንደ ሞረድ ይበላል። በበጋ ደግሞ አቧራው ያንኑ ሥራ ይቀጥላል። ዘይት በብዛት የሚያፈስ ሰው ሰንሰለቱን ያዳነ ይመስለዋል፤ እንደ እውነቱ አቧራ የሚይዝ ሙጫ ነው የቀባው። ጠርጎ፣ ጥቂት ጠብታ ጨምሮ፣ ትርፉን በጨርቅ ማድረቅ ይበቃል።

የሰንሰለት እርጅና በዓይን አይታይም፤ በማስመሪያ ግን ይታወቃል። አዲስ ሰንሰለት በ24 ፒን ርዝመት 304.8 ሚሊ ሜትር ነው። ያው ርዝመት ወደ 306.3 ሲደርስ ግማሽ በመቶ ለብሷል ማለት ሲሆን በባለ 11 እና በባለ 12 ብስክሌት ላይ መቀየር ይኖርበታል። ባለ 8 እና ባለ 9 ሰንሰለቶች ከዚህ ጥቂት ቢያልፉም ይታገሳሉ። በወቅቱ ያልተቀየረ ሰንሰለት የካሴቱን ጥርስ ያሾላል፤ ጥቂት ዶላር ያዳነ ሰው ካሴትም ፊት ጥርስም አብሮ ይገዛል።

እዚህ ላይ የደረጃው ልዩነት ኪስ ውስጥ ይገባል። ባለ 8 ካሴት በውጭ ገበያ ከ30 ዶላር በታች ሲገኝ፣ የዱራ ኤስ ባለ 12 ካሴት ከ300 ዶላር በላይ ይጠየቅበታል። ሁለቱም የሚያልቁት በዚያው ጭቃ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የቆየው ግጭት መንገዶችን እየዘጋ ዕቃ በሰዓቱ እንዳይደርስ ማድረጉም ሲታሰብ፣ በቅርብ ከተማ የማይገኝ ሰንሰለት የሚጠይቅ ብስክሌት መያዝ ቆሞ መጠበቅ ማለት ነው።

የሚወጣውን ያህል ይወረዳል

ዳገት የሚወጣ ሰው ቁልቁለትም አለበት። 82 ኪሎ ክብደት ይዞ 1,400 ሜትር ወደ ዓባይ የሚወርድ ጋላቢ የሚያጠፋው ኃይል 1.1 ሚሊዮን ጁል ያህል ነው። ይህ ሦስት ሊትር ውኃን ከ20 ዲግሪ ተነሥቶ የሚያፈላ ሙቀት ነው። ከፊሉን ነፋስ ይወስደዋል፤ ጋላቢው ፍጥነቱን በቀነሰ ቁጥር ግን የበዛው ፍሬኑ ላይ ይቀራል።

ቸርኬን በሚነክስ ፍሬን ላይ ያ ሙቀት በቀጥታ ወደ ቸርኬው ይገባል። የአሉሚኒየም ቸርኬ ሙቀቱን በመጠኑ ያሰራጫል። የካርቦን ቸርኬ ግን በረዥም ቁልቁለት ሲግል የመጎዳት አደጋ ስላለው ለዚህ መንገድ አይመከርም። የዲስክ ፍሬን ሙቀቱን ከጎማው ያርቃል፤ ዝናብና ጭቃም ብዙ አያሰንፈውም። ከዲስኮቹ መካከል በዘይት የሚሠራው በጣት ጉልበት የሚቆም ምቹ ነው፤ ነገር ግን የየራሱን ዘይት ይፈልጋል። ሺማኖ የማዕድን ዘይት ሲጠቀም፣ ስራም በአብዛኛው የመኪና ፍሬን ዘይት ዓይነት (ዶት) ይጠቀማል፤ አንዱን በሌላው ስፍራ መሙላት ጎሚኒውን ያበላሻል። በገመድ የሚሠራ ዲስክ መካከለኛው ምርጫ ነው፤ እጅን ያደክማል፣ ጥገናው ግን የትም ይቻላል። ጭነት መኪናዎች በሚበዙበት የዓባይ መንገድ ላይ ከማርሽ ቀድሞ ገንዘብ የሚገባው ነገር ቢኖር ፍሬን ነው።

ለአስመጪው የሚተርፈው

ለነጋዴው ነገሩ ሁለት ትእዛዝ ነው። አንደኛው የብስክሌቱ ትእዛዝ ሲሆን፣ ለደጋ ገበያ የሚመጣ ኮርሳ ከፊት 50 እና 34፣ ከኋላ እስከ 32 ወይም 34 ጥርስ፣ መቀየሪያውም ረዥም ክንድ እንዲሆን በውሉ ላይ መጻፍ አለበት። ፋብሪካው ሲያመርት ይህን መለወጥ የሚጨምረው ወጪ ጥቂት ነው፤ ዕቃው አገር ከገባ በኋላ ግን ውድ ነው።

ሁለተኛው የሚያልቁ ዕቃዎች ትእዛዝ ነው። በሳምንት 100 ኪሎ ሜትር የሚጋልብ ሰው በዓመት 5,200 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ሰንሰለት በ2,500 ኪሎ ሜትር ይለወጣል ተብሎ ቢሰላ በዓመት ሁለት ይፈልጋል። 100 ኮርሳ የሸጠ ነጋዴ በዓመት 200 ሰንሰለት የሚገዛ ደንበኛ ፈጥሯል ማለት ነው፤ ካሴቱ፣ የፍሬን ጫማውና ጎማው ሳይቆጠር። ብስክሌት አንድ ጊዜ ይሸጣል፤ ይህ ገበያ ግን ብስክሌቱ እስካለ ድረስ ይቆያል። የሚቆየው ግን ነጋዴው የተለያየ ዓይነት ሳያበዛ በአንድ ወይም በሁለት ደረጃ ላይ ከጸና ብቻ ነው። ባለ 8፣ ባለ 9፣ ባለ 10፣ ባለ 11 እና ባለ 12 ሰንሰለት ሁሉ ስፋታቸው ይለያያል። አምስቱንም ለመያዝ የሚሞክር ሱቅ አንዱንም በበቂ አይይዝም።

በዚህ ረገድ ሺማኖ እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ኪዩስ የተባለ አዲስ ቤተሰብ መከታተል ይገባዋል። ዓላማው የታችኞቹን ደረጃዎች ወደ አንድ ማሰባሰብ ሲሆን ባለ 9፣ ባለ 10 እና ባለ 11 ብስክሌቶች አንድ ዓይነት ሰንሰለት እንዲጋሩ ያደርጋል። ካሴቱም ሊንክግላይድ የተባለው ወፍራም ጥርስ ያለው ሲሆን ፋብሪካው ከቀድሞው ሦስት እጥፍ ይቆያል ይላል። የኮርሳ መሪ ያላቸው ብስክሌቶችም በዚህ ቤተሰብ መቅረብ ጀምረዋል። ሐሳቡ ለደጋ ገበያ የሚስማማ ነው። ይሁን እንጂ የኪዩስ ካሴት ከቀድሞው መቀየሪያና እጀታ ጋር ስለማይዛመድ ሁለቱን ቀላቅሎ ያስመጣ ሰው መለዋወጫው እርስ በርስ አልገጥም ይለዋል። የሚሻገር ነጋዴ ቀን ቆርጦ ይሻገር።

ገዢው ደግሞ ሱቅ ገብቶ ሦስት ነገር ያድርግ። የፊቱን ትንሽ ጥርስና የኋላውን ትልቅ ጥርስ በጣቱ ይቁጠር፤ የኋላው ከፊቱ ብዙ ካነሰ ብስክሌቱ የሜዳ ነው። የሰንሰለቱንና የካሴቱን ዓይነት ጽፎ ይዞ መለዋወጫ ሱቅ ይሂድ፤ ዕቃው ከሌለ ዋጋው ይቀንስለት፣ ወይም ይተወው። በመጨረሻ ፍሬኑን ይሞክር። ከእነዚህ የተረፈ ገንዘብ ካለው ለቀለሙና ለስሙ ቢጨምር ማንም አይፈርድበትም።